ስድስት ባትሪ፣ ስድስት ዓመት

ሦስተኛው ጥቅል ረቡዕ ጠዋት ደረሰ። ቦዲል ከፖስተኛው እጅ ተቀብላ የኩሽና ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው፣ ገና ሳትከፍተው ቆሽቷ አሮ ነበር። ከሆላንድ የመጣው የመጀመሪያው ሞተር ውስጡ ተቃጥሎ ከሰል ሆኗል፤ ሻጩ ግን "በጥሩ ይዞታ ላይ ያለ" ብሎ ነበር የጻፈው። ከጀርመን የመጣው ሁለተኛው ደግሞ ጭራሽ ሞተር አልነበረም፤ የአሻንጉሊት መኪና የፊት መብራት ነው። "ፎቶውን አላየሽውም?" ብሎ ሻጩ መልሶ እሷኑ ጠየቃት። አይታዋለች። ዓይን አላት። ፎቶው ላይ የነበረው ሞተር ነው።

ሞተሩ የሚፈለገው ለባሏ ለአይቪን ነው። አይቪን ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን የጨረሰው በኤስቢየር ወደብ የባሕሩን ወለል በባልዲ በሚቆፍር መርከብ ላይ ነው። ጡረታ ሲወጣ ያንኑ መርከብ በእነዚያ በሚገጣጠሙ ትንንሽ የፕላስቲክ ጡቦች ሠራው። የልጅ መጫወቻ ናቸው ይባላል፤ በዚህ በጁትላንድ ግን ጡቦቹ የተወለዱበት አገር ስለሆነ ነው መሰል፣ ጡረታ የወጣ ወንድ ሁሉ ምድር ቤቱን የሚሞላው በእነሱ ነው። የአይቪን መርከብ ሠላሳ አራት ባልዲ በሰንሰለት ተቀጥለውለት በሞተር የሚዞር መሰላል አለው። ባልዲዎቹ ከታች የወይን ፍሬ የሚያክሉ ኳሶች ይቀበላሉ፤ ወደ ላይ ወስደው በቀኝ በኩል ላለው ጎረቤት ያፈሳሉ።

ጎረቤት ያልኩት በየዓመቱ የካቲት ላይ የጡብ ገጣጣሚዎቹ ክበብ ግሪንስቴድ ከተማ ባለው የስፖርት አዳራሽ ኤግዚቢሽን ስለሚያደርግ ነው። ሃያ ሁለት ሰዎች ሃያ ሁለት ማሽኖች ይዘው ይመጡና በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ይደረድሯቸዋል። ኳሱ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው እየተላለፈ አዳራሹን ዞሮ ይመለሳል። ከዓመት ዓመት ማንም ሰው ቦታውን አይቀይርም። ማሽኑ ሦስት ጊዜ የቆመበት ሰው ማሽኑ ይነሳና በቦታው አሸንዳ ይጋደምለታል፤ ኳሱ በዚያ ላይ ተንከባልሎ ያልፋል። በአሸንዳ የተተካ ሰው ቀኑን ሙሉ ከአሸንዳው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል። ወደ ቤቱ መሄድ ነውር ነው።

ከመስከረም ጀምሮ የአይቪን መሰላል እየደከመ ነው። ባዶውን ይዞራል፤ ኳስ ሲሞላበት ያቃስትና ይቆማል። "ሞተሩ አርጅቷል" አለ አይቪን፤ ፍርዱም በዚያው ጸና። ሞተሩ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተሠራ ነው፤ አሁን አይመረትም። አዲሶቹ መሰኪያቸው ሌላ ነው፤ በስልክ ነው የሚታዘዙት። አይቪን ደግሞ ስልክ የሚያዘው ሞተር ቤቴ አይገባም ብሏል። ጣቶቹ ደንድነው የባትሪውን ሳጥን ክዳን እንኳ መክፈት አቅቶታል፤ ኮምፒዩተር መነካካቱንማ ድሮም አይወደውም። ስለዚህ ፈልጎ ማግኘቱ፣ መጻፉ፣ መጨቃጨቁና ጥቅል መቀበሉ የቦዲል ሥራ ሆነ። ለዓመታት ጡቦቹን በቀለምና በቁጥር በየመሳቢያው የለየችው እሷ ናት። ገመድና ሞተር ግን የአይቪን ነው፤ እሷ እንድትነካ አይፈልግም።

"ዘንድሮ በአሸንዳ ከተኩኝ፣ ሁሉንም በኪሎ እሸጠዋለሁ" ብሏል። የሚያደርገው ሰው ነው፤ ኤግዚቢሽኑም የፊታችን ቅዳሜ ነው።

ይሸጠው ብላ ብትተወው ደስ ባላት። የሚያስጨንቃት ጡቡ አልነበረም፤ ካይ ነው። በመስመሩ ላይ በአይቪን ቀኝ የሚቆመው ካይ፣ ጡረታ የወጣ የወተት መኪና ሹፌር፣ የአርባ ዓመት ወዳጁ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት የአዳራሹ በር ተከፍቶ ሰው እንደሞላ፣ የአይቪን መሰላል ድንገት ወደ ኋላ ዞረ። ባልዲዎቹ ኳሱን ከፍ በማድረግ ፈንታ እየጠረጉ መሬት ላይ በተኑት። ልጆች እየተንጫጩ ጠረጴዛ ስር ገቡ፤ አዋቂው ሳቀ። አይቪን ወደ ካይ ዞሮ "ገልብጠኸዋል" አለው። ካይ በተንኮሉና በቀልዱ የታወቀ ስለሆነ ማንም አልተጠራጠረም።

"አልነካሁም" አለ ካይ።

"በራሱ አይገለበጥም።"

"ታዲያ ውሸታም ነኝ?"

"አንተው አልከው።"

በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ የአይቪን ኳስ የካይ ሳህን ላይ ይወድቃል፤ አንድ ቃል ግን አይለዋወጡም። በሁለቱ መካከል የቀረው ኳሱ ብቻ ነው። አሸንዳ ከገባበት ደግሞ እሱም ይቀራል። አይቪን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥም ዝም ብሏል። "ጨው አቀብዪኝ" ካለ ያ ለቦዲል የወሬ ቀን ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእሷ ቤት ዝምታ ግን ነቅዞ ዱቄት ሆኗል።

አይቪን ጣቶቹን ለማሳሸት ሐኪም ጋ ስለሄደ፣ ሦስተኛውን ሞተር እሱ ሳያይ ልትሞክረው ወሰነች። ሌላ የተቃጠለ ሞተር ይዛ ፊቱ መቆም አልፈለገችም። ባትሪዎቹን ግድግዳ ላይ ከሚሞሉበት ነቅላ ሳጥኑ ውስጥ ከተተች፣ ሞተሩን መሰላሉ ላይ ገጠመች፣ ገመዱን ሰካች፣ አበራችው። ዞረ። ግን ወደ ኋላ ዞረ።

"እግዚአብሔር ይይልህ" አለች በማታውቀው ስዊድናዊ ሻጭ ላይ። ልትነቅለው ስትል ጥቅሉ ውስጥ የተጣጠፈች ወረቀት አየች። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ተጽፎባታል፦ "ወደ ኋላ ከዞረ አትደናገጡ። መሰኪያውን ነቅላችሁ ፊቱን አዙራችሁ ስኩት። በሁለቱም በኩል ይገጥማል።"

መሰኪያው ትንሽ አራት ማዕዘን ነገር ነው። ነቀለችው፣ አዞረችው፣ ሰካችው። መሰላሉ ወደ ፊት ዞረ። እንደገና ገለበጠችው። ወደ ኋላ። እንደገና። ወደ ፊት። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ከስድስት ዓመት በፊት የነበረው የኤግዚቢሽኑ ቅዳሜ ጠዋት ትዝ አላት። በሩ ከመከፈቱ በፊት ወንዶቹ ሁሉ ቁርስ ላይ ሳሉ፣ እሷ ቢጫ ጨርቅ ይዛ ጠረጴዛውን ስትጠርግ ነበር። የአይቪን መርከብ ሥር አቧራ ነበር። መሰኪያውን አነሳች፣ ሥሩን ጠረገች፣ መለሰችው። በየት በኩል እንደነበረ አላየችም፤ የሚታይ ነገር መሆኑንም አላወቀችም። አይቪን "ገልብጠኸዋል" ሲል ከሞተሩ ሆድ ውስጥ አንዳች ከባድ ነገር፣ ጥርስ ወይም ሰንሰለት፣ የተገለበጠ ነበር የመሰላት። ስድስት ዓመት ሙሉ እነዚህን ሁለት ግትሮች ስታማና ስትረግም ከርማለች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእሷ ነው።

ሌላው ቢቀር ሞተሩ ይሥራ ብላ ኳስ ጨመረችበት። ሦስት ባልዲ እንደሞላ አቃሰተና ቆመ። ይሄኛውም ደካማ ነው ማለት ነው። ቦዲል ራሷን ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም።

ያን ቀን ለአይቪን ሦስተኛውም ሞተር ደካማ መሆኑን እንጂ የመሰኪያውን ነገር አልነገረችውም። ፈራች። በማግሥቱ ሐሙስ ነፋሱን እየታገለች ብስክሌቷን እየገፋች ካይ ቤት ሄደች። ካይ የውሻውን ምግብ ይዞ በሩን ሲከፍት ፊቱ ተለወጠ።

"ሞተ እንዴ?" አላት።

"ማን?"

"ሰውዬሽ ነዋ።"

"ምን በወጣው ይሞታል? እየበላ ነው።"

"ስድስት ዓመት ያልረገጥሽውን ደጅ ስትረግጪ ምን ልበል ታዲያ? ግቢ፤ ነፋስ አታስገቢብኝ።"

ገባች፤ ግን አልተቀመጠችም። ከተቀመጠች ሳትናገር እንደምትመለስ ታውቃለች።

"ካይ፣ ያን ቀን መሰኪያውን የገለበጥኩት እኔ ነኝ።"

ካይ የውሻውን ሳህን እንደያዘ ቀረ። "ሆን ብለሽ?"

"አቧራ ስጠርግ። አነሳሁት፣ ጠረግሁ፣ መለስኩት። አራት ማዕዘን ነገር ነው፤ በየት በኩል እንደሚዞር እኔ ምን አውቃለሁ?"

"መቼ አወቅሽ?"

"ትናንት።"

ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። "ዳቦ ቤት ስገባ እስከ ዛሬ 'ካይ፣ ዛሬስ ምን ገለበጥክ?' ይሉኛል" አለ። "እሱን ለምጄዋለሁ። ከዚያ ግትር ጋር ግን አርባ ዓመት ዓሣ አጥምጃለሁ፣ ቦዲል። ብቻዬን ማጥመድ አልወድም። ጀልባዋም ሁለት ሰው ካልገባባት ታዘነብላለች።"

ካይ ካፖርቱን ከሚስማሩ ላይ አወረደ።

"ወዴት ነው?"

"ቤትሽ ነዋ። እኔ ብነግረው አያምነኝም። አንቺ ትነግሪዋለሽ፤ እኔ ቆሜ ፊቱን አያለሁ። ይህቺን እንኳ አትከልክዪኝ።"

አይቪን ኩሽና ውስጥ ጥቁር ዳቦ በዓሣ እየበላ ነበር። ካይን ሲያይ ቢላዋውን አስቀመጠ።

"ቦዲል፣ ይህን ሰው ማን አስገባው?"

"ቦዲል፣ በበሩ ነው የገባሁት በዪው።"

"ቦዲል፣ በገባበት ይውጣ በዪው።"

"የስልክ ሽቦ አይደለሁም" አለች ቦዲል። "አይቪን፣ መሰኪያውን የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ከስድስት ዓመት በፊት፣ አዳራሹ ውስጥ፣ አቧራ ስጠርግ። ካይ አልነካም።"

አይቪን አያት። ከዚያ ካይን አየ። እንደገና እሷን። "አንቺ?"

"እኔ።"

"ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለምን አልተናገርሽም?"

ይሄኔ ነው ትዕግሥቷ ያለቀው። ከሆላንድ የመጣው ከሰልም፣ የጀርመኑ መብራትም፣ የስድስት ዓመቱ ዝምታም አንድ ላይ ወጣ። "ማን ጠየቀኝ?" አለች። "አዳራሹን ማን ያጸዳል? እኔ። ጠረጴዛውን ማን ይጠርጋል? እኔ። ከሁለት አንዳችሁ 'ቦዲል፣ ነክተሽው ነበር እንዴ?' ብላችሁ ታውቃላችሁ? ክበቡ ስብሰባ ጠራ፤ ድምፅ ተሰጠ፤ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፤ ሽማግሌ ከቢልንድ መጣ። ሁሉም ተጠየቀ። ዳቦውን ሳቀርብላችሁ እዚያው ነበርኩ። እኔን የጠየቀኝ የለም።"

አይቪን ዝቅ ባለ ድምፅ "አንቺ ገመድ አትነኪማ" አለ።

"አቧራ ግን እነካለሁ።"

አይቪን ቢላዋውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ካይን ፊት ለፊት አየው።

"ውሸታም ብዬሃለሁ።"

"ብለኸኛል።"

"አልነበርክም።"

"አልነበርኩም።"

ለእነዚህ ሰዎች ይህ ንስሐም እርቅም ነው፤ ሌላ አገር ቢሆን ሦስት በግ ይታረድበት ነበር። ካይ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሲያጣ መስኮቱ ሥር ወዳለው መርከብ ሄደ። ኳስ ጨመረበትና አበራው። መሰላሉ ሦስት ባልዲ ይዞ አቃሰተና ቆመ።

"ሞተሩ አልቋል" አለ አይቪን። "ይሄ ሦስተኛው ነው። በአውሮፓ ምድር ጤነኛ ሞተር ጠፍቷል።"

"ባትሪውስ?"

"ሙሉ ነው። ቦዲል በየቀኑ ነው የምታየው።"

"ሙሉ ነው" አለች ቦዲል። "ዛሬ ጠዋት ነው ሞልተው ያነሳኋቸው።"

ካይ ቀስ ብሎ ዞረ። "ሞልተው?"

የሳጥኑን ክዳን በጥፍሩ ከፈተው። ውስጡ ስድስት አረንጓዴ ባትሪዎች ተደርድረዋል፤ ቦዲል በመስከረም የገዛቻቸው፣ ግድግዳ ላይ እየተሰኩ የሚሞሉት ዓይነት። ያለቁ ባትሪዎች በከረጢት ተሸክማ ወደ ቆሻሻ መለያው መመላለስ ሰልችቷት፣ ለምድሪቱም ይሻላል ተብላ ነው። አንድ ጊዜም አልደበቀችውም፤ የጠየቃትም አልነበረም።

ካይ አንዷን አውጥቶ እንደ ዶሮ እንቁላል ብርሃን ላይ አየት። "አይቪን" አለ፣ "እንዲህ ያሉት ሞልተውም እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ኃይል ይጎድላቸዋል። ስድስት ቦታ ሲጎድል ምን ይቀራል?"

"ሰባት ቮልት" አለ አይቪን።

"ሞተሩ የሚፈልገው?"

"ዘጠኝ።"

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። አይቪን ተነሳ፤ አልቋል ብሎ መሳቢያ ውስጥ የቀበረውን የራሱን አሮጌ ሞተር አወጣ። ካይ ከመኪናው የእጅ ባትሪውንና የዓሣ ማጥመጃ መብራቱን አምጥቶ ስድስት የተለመዱ ባትሪዎች ነቀለ። የአይቪን ጣት እንቢ ሲል ካይ ከተተለት፤ ካይ መሰኪያውን በየት በኩል እንደሚሰካ ሲያመነታ አይቪን ጠቆመው። አበሩት። ሠላሳ አራቱም ባልዲዎች ኳስ ሞልተው፣ ያ አርጅቷል የተባለ ሞተር መሰላሉን ሽቅብ ያስሮጠው ጀመር።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ቦዲል ዞሩ።

"አምስት ወር" አለ አይቪን። "አምስት ወር ሞተር ስትፈልጊልኝ።"

"ሦስት አገር አስሰሻል" አለ ካይ።

"የሚሞላ ባትሪ፣ ካይ። በመርከቤ ውስጥ።"

"ባለፈው መሰኪያ፣ አሁን ደግሞ ባትሪ። ይህቺን ሴት እንዴት ቻልካት?"

"አርባ አምስት ዓመት" አለ አይቪን በሐዘኔታ።

ቦዲል አንዱን በባልዲ አንዱን በሰንሰለት ብትመታው በወደደች ነበር። ኮቷን አውልቃ ለካይ ሰሃን አወጣችለት።

ቅዳሜ በአዳራሹ ማሽኑ አንድ ጊዜም አልቆመም። የሁለቱ ሰዎች አፍም አልቆመም። መርከቡን ለማየት ጎንበስ ያለ ሰው ሁሉ ታሪኩን ሳይሰማ አያልፍም። ካይ ይጀምራል፣ አይቪን ያርማል፣ ከዚያ ሁለቱም ጣታቸውን የቀረፋ ዳቦ ወደምትሸጠው ቦዲል ይቀስራሉ። "እቺ ናት" ይላሉ። ጨርቁ ቢጫ ነበር ወይስ ሰማያዊ በሚለው ላይ ሲጨቃጨቁ እሷ ድረስ ይሰማል። እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ከሸጠችው ዳቦ ይልቅ የሸመተችው ነቀፋ በለጠ። የማታውቀው የኮልዲንግ ሰው መጥቶ ስለ ባትሪ አጠቃቀም ሊመክራት ሲሞክር፣ ዳቦውን ሰጥታ ፊቷን አዞረችበት።

ሲመለሱ የነዳችው እሷ ናት፤ የአይቪን ጣት መሪ መያዝ ከተወ ቆይቷል። ከአዳራሹ በር ሳይወጡ አይቪን ወሬውን ጀመረ። የካይ ማሽን ክንዱ ረዝሟል፤ እሱ ያንን ነግሮታል፤ ካይ አይሰማም፤ ካይ ድሮም አይሰማም፤ ያኔ በሰባ ዘጠኝ የጀልባዋን መልሕቅ የጣለ ጊዜም አልሰማም፤ በሚያዝያ ውሃው ሲሞቅ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ፤ ቦዲል ደግሞ ጀልባው ላይ እንዳትወጣ፤ እሷ የነካችው ነገር ሁሉ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። መንገዱ ሃያ ደቂቃ ነው። ራሷን እየፈለጣት ነበር፤ እግሯም ቀኑን ሙሉ በመቆም አብጧል። ዝም በል ልትለው አፏን ከፈተችና ዘጋችው።

ቤት ደርሰው መኪናዋ ቆመች። እሱ አላቆመም። ቦዲል ሞተሩን አጥፍታ፣ በሩን ሳትከፍት፣ እጆቿን መሪው ላይ አሳርፋ ሰማችው።